መንገድ ላይ አትታረቁ

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። አብዛኞቻችሁ ሥራ ትታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ የምንነዳ ሰዎች ከሌላው አሜሪካ የባሰ ሕግ ይጠብቀናል። ከኛ ሌላ ይህ ሕግ ያለው አላባማና ሰሜን ካሮላይና ብቻ ነው። ለአደጋው አንድ በመቶ እንኳ ጥፋት ካለባችሁ፣ ከገጫችሁ ሰው ካሳ አታገኙም። ምንም። በኔ አስተያየት ግፍ ነው፤ ግን ሕጉ እሱ ነው።

እንበልና ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ቀይ መብራት ይዟችሁ ቆማችኋል። አንዱ ስልኩን እያየ መጥቶ ከኋላ ይገጫችኋል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ግን ከፍሬን መብራታችሁ አንዱ ተቃጥሏል። የሱ ኢንሹራንስ ይህችን ካገኘ አይለቃትም። ወርዳችሁ «ኧረ ችግር የለም፣ እኔም ድንገት ነው የቆምኩት» ካላችሁ ደግሞ ሥራውን ጨረሳችሁለት። የተጎዳ ካለ 911 ደውሉ፣ ሰውየውን አይዞህ በሉት። ስለ ጥፋት ግን አንድ ቃል አትናገሩ። ፎቶ አንሱ፤ የመብራቱን፣ የታርጋውን፣ የጎማ ምልክቱን።

ከዚያ «ፖሊስ አንጥራ፣ ጋራዥ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ይመጣል። ብዙ ጊዜ የራሳችን ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ኢንሹራንሴ ይጨምርብኛል» ሲላችሁ አንጀት ይበላል። በነጋታው ስልክ አያነሳም። ወይ ሳምንት ቆይቶ አንገቱን ያመዋል። ስም፣ አድራሻ፣ መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ተለዋወጡ፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።

የቆመ መኪና ገጭታችሁ ባለቤቱን ካጣችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማንነታችሁንና ስልካችሁን የያዘ ወረቀት በሚታይ ቦታ ትታችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ታሳውቃላችሁ። ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሰው ተጎድቶ ፖሊስ ካልመረመረው፣ በ15 ቀን ውስጥ ለመኪና አስተዳደሩ ሪፖርት ይገባል።

ዲሲ የምትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ2016ቱ ሕግ በኋላ እግረኛና ብስክሌተኛ ከግማሽ በላይ ጥፋተኛ ካልሆነ ካሳውን አያጣም። አንድ በመቶዋ እናንተን እንጂ እሱን አትይዘውም።

ወደ ገንዘቡ። ቨርጂኒያ 500 ዶላር ተከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳበት አሠራር በጁላይ 2024 ቀርቷል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። የሜሪላንድ 30፣ 60 እና 15 ሺህ፤ የዲሲ 25፣ 50 እና 10 ሺህ ነው። 10 ሺህ ዶላር የቴስላ አንድ ጎን ላይጠግን ይችላል። ቀሪው ከኪሳችሁ ነው።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥሪ ከተቀበላችሁ ሰውየው እስኪወርድ ሽፋኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው። አፕ ከፍታችሁ ስትጠብቁ ግን ወደ 50፣ 100 እና 25 ሺህ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የራሳችሁ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ተጨማሪ የራይድ ሽፋን እንዳለው ወኪላችሁን ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለጉዳት ክስ ቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ ሦስት ዓመት ይሰጣሉ።

አሁን ፖሊሲያችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ የመጀመሪያውን ገጽ አውጡ። ቁጥሮቹን አብረን እናንብብ።