11 እኩል

እሺ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ወንድሜ "የደሴ ብርድ ገደለኝ" ብሎ ኮምቦልቻ ወርዷል፤ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ "ደግሞ ቴኒስ ጀመረች" የሚለኝ የለም። እስኪበቃኝ ስለ ቴኒስ ተጫዋቹ ሮጀር ፌደረር አወራለሁ።

ያንን ጨዋታ ሰሞኑን ሙሉውን እንደገና አየሁት። 4 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። የ2018ቱን የለንደኑን የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ሩብ ፍጻሜ፣ ከኬቨን አንደርሰን ጋር ያደረገውን። ሰው የፌደረርን ሽንፈት ሲያነሳ ሁሌም የ2019ኙን ፍጻሜ ነው የሚያነሳው። ከጆኮቪች ጋር፣ በአምስተኛው ዙር (ሴት የሚሉት) 8 ለ 7 እየመራ፣ 40 ለ 15፣ ሁለት ማች ፖይንት በእጁ፤ ከሁለቱ አንዷን ነጥብ ቢያገኝ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። እሱም ያማል፣ አልክድም። እኔን አልለቅ ያለኝ ግን ያኛው ነው።

ምክንያቱም ያኛውን ማንም አልጠበቀውም። ፌደረር የዊምብልደን የ8 ጊዜ ሻምፒዮን ነው። ያለፈውን ዓመት ዋንጫ አንድ ዙር እንኳን ሳይሸነፍ ነው የወሰደው። አንደርሰን ከዛ በፊት 4 ጊዜ ገጥሞት አንድም ዙር ወስዶበት አያውቅም። ፌደረር የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 በላ። ሁለተኛውን 7 ለ 6። በሦስተኛው 5 ለ 4 እየመራ ማች ፖይንት አገኘ። አንድ ነጥብ! አንድ ነጥብ ብቻ ነው የቀረው። አመለጠችው። ከዛ 7 ለ 5 ተሸነፈ፣ 6 ለ 4 ተሸነፈ፣ አምስተኛው ዙር መጣ።

ሐምሌ 4 ቀን 2010 ነበር፣ በኛ። የዛን ሳምንት ታስታውሳላችሁ፤ የአስመራው ዜና ገና ትኩስ ነው፣ ሰው ሁሉ ሲገናኝ ስለ ኤርትራ ነው የሚያወራው። ደሴ ደግሞ በሐምሌ እንዴት እንደምትሆን ለናንተ አልነግርም፤ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው። ፒያሳ አካባቢ ያለችው ሻይ ቤት ነኝ። ማታ 3 ሰዓት ላይ እንግሊዝና ክሮኤሺያ አሉ፣ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ። ወንበር ለመያዝ ሰው ከ12 ሰዓት ጀምሮ ይገባል። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ቴኒስ ነው። የማያልቅ ቴኒስ።

ጋቢ የደረቡ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ነጭ የለበሰው ማነው?" አሉኝ። "አባባ፣ እዛ ሜዳ ሁለቱም ነጭ መልበስ ግዴታቸው ነው" አልኳቸው። "ያ ረጅሙ ደቡብ አፍሪካዊ ነው" ስላቸው ደግሞ፣ "አፍሪካዊ ከሆነማ እሱ ያሸንፍ እንጂ!" አሉ። በቃ፣ ቤቱ በሙሉ ወደ አንደርሰን ዞረ። 2 ሜትር ከ3 ሳንቲም የሆነ ሰውዬ፣ ወላሂ፣ በአንድ አፍታ የሰፈር ልጅ ሆነ።

እና 11 እኩል ደረሱ። ሰርቩ፣ ማለትም ኳሷን መትቶ የሚያስጀምረው፣ የፌደረር ነው። 30 እኩል። ኳሷን አነጠረ፣ ቀና አለ፣ መታ፤ አልገባችም። እሺ፣ ሁለተኛ አለ። እሱ በሁለተኛ ሰርቩ ስንት ዓመት ከስንት ጉድ ወጥቷል። ወደ ላይ ወረወራት፣ መታ፤ እሷም አልገባችም። ሁለቱንም አበላሸ። ቀጣዩንም ነጥብ አንደርሰን ወሰደው። 12 ለ 11። ከዛ አንደርሰን በራሱ ሰርቭ ጨረሰው፣ 13 ለ 11።

አሁን ሳየው እዛች ጋ አቆምኩት። መለስኩት። አሁንም መለስኩት። ክንዱ ዝሎ ይሆን? እግሩ? ምንም የለም። ያው ፌደረር ነው፤ ያው አወራወር፣ ያው ትከሻ። በዛው ዓመት ጥር ላይ 20ኛውን ግራንድ ስላሙን (ከአራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች የአንዱን ዋንጫ) በልቷል፣ የካቲት ላይ በ36 ዓመቱ የዓለም ቁጥር 1 ሆኗል። እና ማሽቆልቆሉ የት ጋ ነው የሚታየው? ያኔ ስንቶቹ "በጥር ማቆም ነበረበት፣ በክብር" ይሉ ነበር። ይሄ ነገር ያናድደኛል፣ በጣም ያናድደኛል። የማን ክብር ነው? እኛ ሲሸነፍ ማየት ስላልቻልን እሱ የሚወደውን ይተው?

ይሄኔ ደግሞ አቴንስ ትዝ ይለኛል። 2004፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ተጎድቶ ነበር የሮጠው። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩታል። ይደርስባቸው እንደሆነ ፍጥነቱን ያዝ ያደርጉለታል። ዞሩ፣ አዩ፣ ደግሞ ዞሩ፣ አልሆነም። ከዛ ሄዱ። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ 5ኛ። እናቴ ስለዛ ሩጫ ስታወራ "ቀነኒሳ አሸነፈ" ብላ አትጀምርም። "ዞረው አዩት" ነው የምትለው። እስከ ዛሬ ዓይኗ እንባ ያቀራል።

ቴኒስ ላይ ማን ይዞርልሃል? ከመረቡ ወዲያ ያለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ሊጥልህ ነው የቆመው። አንደርሰን ምን ያድርግ? ቢራራለት ስድብ ነው የሚሆነው። ደግሞ ፌደረር ራሱ እንዲታዘንለት ይፈልጋል? አይመስለኝም። ኃይሌስ ይፈልግ ነበር? እሱንም እንጃ። ምናልባት መዞሩን የምንፈልገው እኛ ነን፤ ቆመን የምናየው።

እኒያ አባት ፊቴን አይተው "አብሽሪ ልጄ፣ ጨዋታ ነው" አሉኝ። ወዲያው ቻናሉ ተቀየረ። እንግሊዝም በ5ኛው ደቂቃ አግብታ፣ ስትመራ ቆይታ፣ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈች። የሻይ ቤቱ ልጆች ያኔ ነው ሐዘን የተቀመጡት። ለኔ ግን ማታው ቀድሞ አልቆ ነበር።

ቆይ ግን፣ ያልነገርኳችሁ አለ። አንደርሰን ከሁለት ቀን በኋላ ከጆን ኢዝነር ጋር 6 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ተጫወተ። አምስተኛው ዙር 26 ለ 24። ፍጻሜው ላይ የቀረው ጉልበት ያን ያህል አልነበረም፣ ጆኮቪች በሦስት ዙር ጨረሰው። ዊምብልደንም በቀጣዩ ዓመት ሕጉን ቀየረ፤ አምስተኛው ዙር 12 እኩል ከሆነ በታይብሬክ፣ በአጭር የነጥብ ፉክክር፣ ይለያል ተባለ። በዛ ሕግ ፍጻሜ ላይ መጀመሪያ የተሸነፈው ማነው? ፌደረር! የ2019ኙ!

አንደርሰን ደግሞ ከፌደረር ወደ 5 ዓመት ያንሳል። ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገ፣ ጉዳት ላይ ጉዳት፣ በግንቦት 2022 አቆምኩ አለ። ፌደረር ማቆሙን የተናገረው በዛው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ከአሸናፊው በኋላ ማለት ነው። እና የዛን ቀን 11 እኩል ላይ እያለቀ የነበረው የማን ጊዜ ነው? የፌደረር ነው ብዬ ነበር ስንት ዓመት የተብሰለሰልኩት። አሁን እንጃ። ፌደረር ብቻ ነው ያየሁት፣ አንደርሰንን አላየሁትም። ማለቴ፣ አየሁት፣ ግን... እስኪ እሱን ብቻ እያየሁ ከሦስተኛው ዙር ልጀምረው፣ ከማች ፖይንቷ፤ ምናልባት እሱም ያኔ እግሩን...