አንድ ማሽን፣ ብዙ ሰርቨር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ የደወላችሁልን አድማጮች ጭንቀታችሁ ተመሳሳይ ነው። በፒኤችፒ፣ በጃቫና በኖድ የተሠሩ የድረ ገጽ ፕሮግራሞች በአንድ ማሽን ላይ ተስማምተው ይኖራሉ ወይ? ይኖራሉ። ግን በሩን፣ ማለትም ፖርት የሚባለውን የግንኙነት መግቢያ ቁጥር፣ እና ራሙን፣ ማለትም የማሽኑን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ ማከፋፈል የእናንተ ሥራ ነው።

«አፓቼ በሚባለው ዌብ ሰርቨር (ድረ ገጽ አቅራቢ ፕሮግራም) ላይ የፒኤችፒ ሳይት አለኝ። ኢንጂን-ኤክስ የሚባለውን ሌላ ዌብ ሰርቨር ስጨምርበት ‹አድራሻው ተይዟል› ብሎ አልነሳ አለ። የግድ አንዱን ላጥፋ?»

አያጥፉ። ሁለቱ የተጣሉት በበር ነው። በተለመደው አሠራር በአንድ አይፒ አድራሻ ላይ አንድን ፖርት የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የድረ ገጽ መገናኛው ኤችቲቲፒ ፖርት 80ን፣ የተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ 443ን ይጠቀማል። ሁለቱም ሰርቨሮች ሲነሡ 80ን ይፈልጋሉ። የቀደመው ይይዛል፣ የዘገየው ይወድቃል።

ስለዚህ አንዱን በረኛ ያድርጉት። ኢንጂን-ኤክስ 80ንና 443ን ይያዝ። አፓቼን ወደ 8081 ያዛውሩትና 127.0.0.1 ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ፣ ብቻ እንዲሰማ ያድርጉት። ቶምካት (የጃቫ ሰርቨር) ካለዎት ሲጫን የሚይዘው 8080ን ስለሆነ እዚያው ይቆይ፤ እሱንም ግን ከውጭ ይዝጉት። በረኛው የዶሜይኑን ስም እያየ ጥያቄውን ወደየቤቱ ይመራል። ሪቨርስ ፕሮክሲ የምንለው ይህን ነው። ስሙን የሚነግረው ብሮውዘሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው ኤችቲቲፒ 1.1 ጀምሮ እያንዳንዱ ጥያቄ የሳይቱን ስም ይዞ መምጣት ግዴታው ነው።

80ን ማን እንደያዘ ለማየት ሊኑክስ ላይ «ኤስኤስ»፣ ዊንዶውስ ላይ «ኔትስታት» የሚባሉት ትእዛዞች አሉ። ዊንዶውስ «ሲስተም፣ ቁጥር 4» ብሎ ቢመልስ ቫይረስ ነው ብለው እንዳይደነግጡ። አይአይኤስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨር ፖርቱን የሚይዘው ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ባለ ክፍል በኩል ስለሆነ ነው።

«ለእያንዳንዱ ሳይት የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት (የሳይቱ ማንነት ማረጋገጫ) ለማስገባት የየራሱ አይፒ ያስፈልገዋል?»

ድሮ ነበር። አሁን ብሮውዘሩ ምስጠራው ከመጀመሩ በፊት የፈለገውን ስም ይናገራል፤ ሰርቨሩም የዚያን ስም ሰርተፍኬት ያወጣል። አንድ አይፒ ይበቃዎታል። ሰርተፍኬቶቹን ሁሉ በረኛው ጋ ያስቀምጡ፤ ዕድሳቱም በአንድ ቦታ ያልቅልዎታል።

«4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ሁለት ቶምካት፣ ፒኤችፒና ዳታቤዝ አሉኝ። አንደኛው ቶምካት በየቀኑ ድንገት ይጠፋል። ሎጉ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ምንም የለም።»

እህቴ፣ ሎጉ ባዶ መሆኑ ራሱ ፍንጭ ነው። ሊኑክስ ራም ሲያልቅበት አንዱን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) መርጦ ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚመታው ብዙ ራም የያዘው ነው። የተገደለው ደግሞ ስንብት አይጽፍም። የቶምካትን ሎግ ይተዉትና የከርነሉን መልእክት ያንብቡ፤ ማን መቼ እንደተገደለ እዚያ ያገኙታል።

አሁን እስክሪብቶ ይያዙ፣ አብረን እንደምር። ጃቫ ወሰን ካልሰጡት የማሽኑን ራም አንድ አራተኛ የሂፑ፣ ማለትም ዳታውን የሚያስቀምጥበት የራም ክፍል፣ ጣሪያ ያደርጋል። እርስዎ ጋ 1 ጊጋ ነው፤ ለሁለቱ 2 ጊጋ። ሂፑ ብቻውን አይደለም፤ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሠሩ የሥራ መስመሮች) እና የተጫኑ ክላሶች (የፕሮግራሙ ኮድ ክፍሎች) ከሂፕ ውጭ ሌላ ይበላሉ። ፒኤችፒው 20 ፕሮሰስ ቢፈቀድለትና እያንዳንዱ 60 ሜጋ ቢይዝ 1.2 ጊጋ ሄደ። ዳታቤዙ ገና አልተቆጠረም! ሁሉም ጸጥ ባሉበት ሰዓት ማሽኑ ደህና ይመስላል። ሥራ በአንድ ላይ ሲመጣ ነው የሚፈርሰው።

ስለዚህ ለሁለቱም ቶምካቶች የሂፕ ጣሪያ በግልጽ ይጻፉላቸው። የፒኤችፒ ፕሮሰሶችንም ቁጥር ይቀንሱ። ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን በሚያስተዳድረው በሲስተምዲም ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራም ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል። ያኔ ያበዛው ራሱ ይወድቃል እንጂ ጎረቤቱን ይዞ አይሄድም። ስዋፕ (ራም ሲያንስ የሚተካ የዲስክ ቦታ) ልጨምር ካሉ ትንሽ ይኑር፣ ግን አይመኩበት። የማይፈለግ ዳታን የሚያጸዳው የጃቫ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሂፑን እየዞረ ስለሚነካ፣ ሂፑ ዲስክ ላይ ከወረደ ሁሉ ነገር ይንቀራፈፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ቶምካቶች የየራሳቸው መዝጊያ ፖርት (የማቆሚያ ትእዛዝ የሚቀበሉበት) ይኑራቸው። ሲጫኑ ሁለቱም 8005ን ነው የሚፈልጉት።

«ፕሮክሲውን ካስገባሁ በኋላ አፕሊኬሽኑ ሁሉንም ተጠቃሚ 127.0.0.1 ብሎ ይመዘግባል። መግቢያ ገጹም ማለቂያ በሌለው ዙር ይሽከረከራል።»

አፕሊኬሽኑ የሚያየው በረኛውን ብቻ ነው። በረኛው ደግሞ በተራ ኤችቲቲፒ ስለሚያናግረው አፕሊኬሽኑ «ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሂድ» ይላል። ተጠቃሚው ግን ቀድሞውኑ እዚያ ነው፤ ዙሩ የመጣው ከዚህ ነው። በረኛው የተጠቃሚውን እውነተኛ አይፒና የመጣበትን ፕሮቶኮል በሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚሄድ ተጨማሪ መረጃ) እንዲያስተላልፍ ያድርጉ። አፕሊኬሽኑም እንዲቀበለው ይንገሩት፤ ከበረኛው የመጣውን ብቻ ግን ይመን። ሄደሩን ከውጭ ማንም መፈብረክ ይችላል።

«ሁሉንም ዶከር ውስጥ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ሳጥን፣ ብከታቸውስ?»

አንዱ አሮጌ ጃቫ፣ ሌላው አዲስ ኖድ ከፈለገ በጣም ይረዳል። ራሙ ግን ያው ራም ነው፤ ድምሩን አያስቀርልዎትም። ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ፖርት ሲከፍቱ ዶከር በነባሪው ለሁሉም የኔትወርክ አድራሻ ይከፍተዋል። ሊኑክስ ላይ በዩኤፍደብሊው (በፋየርዎሉ) «ዘግቻለሁ» ያሉትን ሕግ አልፎት ይሄዳል። የዳታቤዙን ፖርት ከከፈቱ ከቁጥሩ በፊት 127.0.0.1 ይጻፉ። ከዚያ ከሌላ ማሽን ሆነው ይሞክሩት፤ ካልገባልዎት በትክክል ተዘግቷል።