በር ሲንኳኳ

የተከበራችሁ አስተርጓሚዎች፣ የአማርኛ መምህራን፣ እንዲሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ወደዚህ ወደ ፍራንክፈርት በመጣሁበት ሰሞን፣ በማታው የጀርመንኛ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ጆርጂያዊት ነበረች። አንድ ቀን መምህራችን በር ሲንኳኳ ምን እንደሚባል አስተማረን፦ «ሄራይን»። ጎረቤቴ ቀስ ብላ በራሷ ቋንቋ «ሼሞዲ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «በአማርኛስ?» አለችኝ። አፌን ከፈትሁ፤ መልሼ ዘጋሁት። «ማን ነው ያንኳኳው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ጥያቄዋ ያልገባኝ መስሏት ደገመችው። ገብቶኛል። ወንድ ከሆነ «ግባ»፣ ሴት ከሆነች «ግቢ»፣ ብዙ ከሆኑ «ግቡ»፣ ሽማግሌ ወይም እንግዳ ከሆኑ «ይግቡ» ነው። ከበሩ ማዶ የቆመውን ሳላውቅ ቃሉ ከአፌ አይወጣም። አማርኛ በተናገርሁበት ዕድሜዬ ሁሉ ይህን አስተውዬው አላውቅም ነበር፤ ያሳየኝ የእኔ ባልሆኑ ሁለት ቋንቋዎች መካከል መቀመጤ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው። ጀርመንኛ «ሄር» ሲል ወደ ተናጋሪው፣ «ሂን» ሲል ከተናጋሪው ወዲያ ማለቱ ነው። ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ሄራይን» ይላል፤ ውጭ የቆመ ሰው ሌላውን ወደ ውስጥ ሲልከው «ሂናይን» ይላል። ጆርጂያኛም ይህንኑ አጥብቆ ይለያል። እኔ ወዳለሁበት የሚገባ «ሼሞዲስ» ነው፤ እኔ ወደሌለሁበት የሚገባ «ሼዲስ» ነው። ወደ እኔ የሚወጣ «ጋሞዲስ»፣ ከእኔ ርቆ የሚወጣ «ጋዲስ»። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን ዘመድ አይደሉም። ጀርመንኛ የእንግሊዝኛና የደች የቅርብ ዘመድ ነው። ጆርጂያኛ ከሜግሬልኛ፣ ከላዝኛና ከስቫንኛ ጋር በካውካሰስ ደቡብ የራሱ ትንሽ ቤተሰብ አለው፤ ከዚያ ውጭ ዝምድናው የተረጋገጠለት ቋንቋ የለም። እኛ የትም እንቁም የት «ገባ» እንላለን።

ቋንቋ ሁሉ ቀረጥ ያስከፍላል፤ የሚለያየው ኬላው ያለበት ቦታ ነው። ይህ ቋንቋ ከባድ ነው፣ ያኛው ቀላል ነው፣ ይህኛው ሀብታም ነው፣ ያኛው ድሃ ነው የሚለውን ወሬ ሁሉ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

የምግብ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ። በጀርመንኛ ማንኪያ ወንድ ነው፤ «ዴር ሎፈል»። ሹካ ሴት ናት፤ «ዲ ጋብል»። ቢላዋ ደግሞ ወንድም ሴትም አይደለም፤ «ዳስ ሜሰር»። እናንተ ይህን ስትሸመድዱ ስንት ሌሊት እንዳሳለፋችሁ አውቃለሁ። ጆርጂያኛ ይህን ኬላ ጨርሶ አያውቀውም። ማንኪያው ይቅርና ሰውም ሲሆን «እሱ»፣ «እሷ» ብሎ አይለይም፤ ሁሉም «ኢስ» ነው። አማርኛ መካከል ላይ ቆሟል።

ጆርጂያኛ ግን በነፃ አያሳልፍም፤ ቀረጡን የሚሰበስበው ግሱ ላይ ነው። በጀርመንኛ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰውዬ ዛሬም ቢጽፍ፣ ትናንትም ቢጽፍ «ዴር ማን» እንደሆነ ይቀራል። በጆርጂያኛ ሰውዬው አሁን እየጻፈ ከሆነ «ቃትሲ» ነው፤ ጽፎ ከጨረሰ «ቃትስማ» ይሆናል፤ ጽፏል አሉ ሲባል ደግሞ «ቃትስስ» ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ደብዳቤ፤ ግሱ በተለወጠ ቁጥር የባለቤቱ ስም ጫፍ ይለወጣል። የጀርመን ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲደነግጡ አይቻለሁ።

እኛን የማያስደነግጠንም አለ። ጀርመናዊ ፍቅሩን «ኢሽ ሊበ ዲሽ» ብሎ በሦስት ቃል ይገልጻል፦ እኔ፣ መውደድ፣ አንተን። ጆርጂያዊ «ሚቅቫርኻር» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ ወዳጁም ተወዳጁም በዚያችው ቃል ውስጥ አሉ። «እወድሻለሁ»ም እንዲሁ ነው። ብርድ ሲሆን ደግሞ ሦስቱም ይገናኛሉ። ጆርጂያዊው «ምትሲቫ» ይላል፤ መጀመሪያ ላይ ያለችው «ም» «እኔን» ወይም «ለእኔ» የምትል ናት። ጀርመናዊው «ሚር ኢስት ካልት» ይላል፤ ለእኔ ቀዝቃዛ ነው እንደ ማለት። እኛ «በረደኝ» እንላለን። በሦስቱም ቋንቋ ሰው ብርድን የሚያደርግ ሳይሆን ብርድ የሚደርስበት ነው። ይህን ያየሁ ዕለት ማታ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድሁ፤ ቃላቱን እየደጋገምሁ።

ድምፁ ላይ ደግሞ ዕድሉ የእኛ ነው። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጸ»፣ «ጨ»፣ «ጰ»፣ እነዚህ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች ለጀርመናዊ ጆሮ እንግዳ ናቸው። ጆርጂያኛ አምስቱም አሉት፤ በዚያ ላይ ከ«ቀ» ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮ የጠለቀች ስድስተኛ ይጨምራል። ልጆች የሚፈታተኑባት አንዲት አረፍተ ነገር አለቻቸው፦ «ባቃቂ ጽቃልሺ ቂቂኔብስ»፣ እንቁራሪት ውኃ ውስጥ ትጮኻለች ማለት ነው። ጎረቤቴ ክፍሉን ሁሉ አስደገመችን። ጀርመናዊቷ መምህራችን «ካካ» ከማለት አላለፉም። የእኔ «ቀ» የሚፈለገውን ያህል ባይጠልቅም፣ ጎረቤቴ እጄን ይዛ «አንተ ከእኛ አገር ነህ» አለችኝ።

ቁጥር ላይ አልቆይም። 77ን ጀርመናዊ «ሰባትና ሰባ» ሲል፣ ጆርጂያዊ «ሦስት ሃያና አሥራ ሰባት» ይላል። በስልክ ቁጥር የምትሠሩ አስተርጓሚዎች የመጀመሪያውን ችግር ታውቁታላችሁ።

ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ጎን ለጎን ኖረዋል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። በጆርጂያ ደቡብ ቦልኒሲ የምትባል ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሲዮኒ ይባላል፤ ጽዮን ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ በ5ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተቀረጸ የጆርጂያ ፊደል ይነበባል። በ1818 ከደቡብ ጀርመን፣ ከቩርተምበርግ የተሰደዱ ገበሬዎች እዚያ ሠፈሩ፤ ሠፈራቸውንም ካታሪነንፌልድ አሉት። ወይን ተከሉ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ የአገራቸውን ጀርመንኛ ለልጅ ልጆቻቸው አወረሱ። በ1941 ስታሊን ወደ ማዕከላዊ እስያና ወደ ሳይቤሪያ አጋዛቸው፤ የቀሩት በአብዛኛው ከሌላ ብሔረሰብ ወንዶች ጋር የተጋቡ ሴቶች ነበሩ። እነዚያ ሴቶች በር ሲንኳኳ በየትኛው ቋንቋ እንደመለሱ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከ120 ዓመት በላይ የተነገረ ቋንቋ በአንድ መጸው ከጎዳና ጠፋ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለልጆቻችን ስል ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቤት ተጋብዤ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ ሮጣ ከፈተች። የአባቷ አጎት፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ፣ ቆመዋል። በደስታ «ግባ!» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ አንዱ «ጀርመን ሆና ቀረች» አለ፤ እናቷ አፍራ አንገቷን ደፋች። ልጅቷ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ አማርኛ አትናገርም።

ያች ልጅ ብልግና አልሠራችም። «ሄራይን» የሚለው ቃል ማን እንደመጣ አይጠይቃትም፤ የእኛ ኬላ የት እንዳለ ማንም አላሳያትም። በ1652 ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ እዚህ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ መጥተው ለቋንቋ ተመራማሪው ለሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝንና አማርኛን ሲያስረዱ ያ ጀርመናዊ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ይሆን! መምህሩ ታገሡት። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 የታተመው በዚህችው በፍራንክፈርት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ «ግባ» ስትል አትሳቁባት። ነገ በር ሲንኳኳ አብራችኋት ሂዱና፣ ሳትከፍት በፊት «ማን ነው?» ብላ እንድትጠይቅ አስተምሯት። ድምፁን ሰምታ ቃሉን ራሷ ትምረጥ።

አመሰግናለሁ።