ፎቶ አይሸትም

እሷ፦ ሰላም ሰላም፣ ከድሬ ነን። ዛሬ አሮጌ ዕቃ በቴሌግራም ስለመሸጥ እናወራለን። ሁሉንም ዕቃ አይደለም፣ ፒፓ ብቻ።

እሱ፦ ባለፈው ሳምንት ከዚራ አንድ ቤት ሲለቀቅ ከአንድ መሳቢያ አራት ፒፓ ወጣ። ድሬ ላይ ይሄ አይገርምም። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በፈረንጆች 1902 ነው። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም መጣ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ዕቃቸው ቀረ።

እሷ፦ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ትምባሆ ይገድላል፣ አጭሱ እያልን አይደለም። ፒፓ ለመደርደሪያ የሚገዛ አለ፣ አፉ ውስጥ የሚያስገባም አለ። ሁለቱም የሚገዙትን ማወቅ አለባቸው።

እሱ፦ አፉ ውስጥ የሚያስገባውማ በተለይ! የሌላ ሰው ጥርስ ያረፈበት ዕቃ እኮ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጽፈው "ተጨሶበታል" የሚለውን ነው። "እንደ አዲስ ነው" የሚባል ነገር አልወድም። ወይ ተጨሶበታል፣ ወይ አልተጨሰበትም።

እሷ፦ የሐረሩን ሰውዬ ንገራቸው።

እሱ፦ እሺ። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ። አንድ ፒፓ እጄ ገባ፣ መምጠጫው ጠንካራ ጥቁር ጎማ ነው፤ ቩልካናይት የሚሉት። ውስጡ ድኝ አለበት። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወደ ቡናማና ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ አፍ ላይም ይመራል። የድሬን ፀሐይ ደግሞ ታውቂዋለሽ። እኔ ምን አደረግኩ? የወይራ ዘይት ቀባሁት። ጥቁርና አብረቅራቂ ሆነ። ፎቶ አነሳሁ፣ "ንጹሕ" ብዬ ጻፍኩ፣ በ3,000 ብር ሸጥኩት።

እሷ፦ ዘይት ደግሞ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

እሱ፦ አያጠፋውም። በሦስተኛው ሳምንት ሰውዬው ከሐረር በሚኒባስ ደንገጎን ወርደው መጡ። 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። ፒፓውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ ይሄን አይተኸው ነበር?" አሉኝ። አይቼው ነበር። ብራቸውን መለስኩ፣ የትራንስፖርቱንም ጨመርኩ። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

እሷ፦ "መምጠጫው አረንጓዴ ሆኗል" ብለህ ብትጽፍ ኖሮስ?

እሱ፦ ይገዙኝ ነበር! ራሳቸው ነገሩኝ። በ2,000 ወስደው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ያስተካክሉት ነበር። ሥራውን ያውቁታል። ያናደዳቸው አረንጓዴው አልነበረም።

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ትምባሆው የሚነድበት ጎድጓዳ ነው። ውስጡ ላይ የከሰል ቅርፊት ይጋገራል። ስስ ሲሆን እንጨቱን ይጠብቃል። ሲወፍር ግን፣ ሙቀት ባገኘ ቁጥር እንጨቱን እየገፋ ሊሰነጥቀው ይችላል። ታዲያ ቅርፊቱን ሳያነሳ "ስንጥቅ የለውም" የሚል ሻጭ በምን አወቀ?

እሱ፦ አላወቀማ። "አልጠረግኩትም፣ ከሥሩ ያለውን አላየሁም" ነው ማለት ያለበት። ብዙ ሻጭ ይህችን አባባል ይፈራታል። እኔ ግን ሌላ ሰው ሲሸጥ ሳያት ወዲያው አምነዋለሁ።

እሷ፦ ስቱኮውስ?

እሱ፦ እሱም አለ። ጥሩ ፒፓ የሚሠራው ብራየር ከሚባል እንጨት ነው። ብራየር ማለት የአስታ ሥር ላይ የሚያብጠው ጉጥ ነው። አዎ፣ ባሌ ተራራ ላይ ያለው አስታ! ለፒፓ የሚቆፈረው ግን የሜዲትራንያን አካባቢው ነው። እንጨቱ በተፈጥሮው ትንንሽ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ፋብሪካውም በስቱኮ ይደፍነዋል። መደፈኑ ነውር የለውም። "የተደፈነ ቦታ አለው" ብሎ መጻፍ ነው።

እሷ፦ የታዋቂው ፒፓ ሠሪ የደንሂል ምልክት ነጭ ነጥብ ናት። ነጭ ነጥብ ያየ ሁሉ ደግሞ "ኦርጂናል ደንሂል" ይላል።

እሱ፦ ነጥቧ ያለችው መምጠጫው ላይ ነው። መምጠጫ ይነቀላል፣ ሌላ ፒፓ ላይም ይሰካል። እኔ እንጨቱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በቅርብ አነሳለሁ። ካልተነበበ "ጽሑፉ ጠፍቷል፣ የማን ሥራ እንደሆነ አላረጋገጥኩም" እላለሁ። ዋጋው ይወርዳል። ይውረድ።

እሷ፦ ሽታውስ? ፎቶ እኮ አይሸትም።

እሱ፦ ስለዚህ እኔ አሸትለታለሁ። ቫኒላ የተጨመረበት ትምባሆ ዓመታት የጨሰበት ፒፓ ሽታው ቶሎ አይለቅም። የሸተተኝን እንዳለ እጽፋለሁ። ርዝመቱን በሚሊ ሜትር፣ ክብደቱን በግራም እጨምራለሁ።

እሷ፦ የከዚራዎቹ አራቱስ ምን ሆኑ?

እሱ፦ ሦስቱ ደህና ናቸው። አንዱ አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ፎቶ ላይ አልታይ ብሎኝ በስክርቢቶ ጫፍ እያመለከትኩ አነሳሁት።

እሷ፦ ስንተኛው ፎቶ ላይ ነው የምታደርገው?

እሱ፦ መጀመሪያው ላይ። ዛሬ ማታ ይለጠፋል።