«ማሽኑ ካሊብሬሽን ላይ ነው» ሲሏችሁ ምን እየሠሩ ነው?

(ምስል፦ ጣና ዳር፣ ማለዳ። አንዲት የደንገል ታንኳ ቆማለች። ከኋላዋ ክብራን ደሴት ይታያል።)

ሰላም ናችሁ? በቀደም አክስቴ ለሲቲ ስካን ከዘጌ በጀልባ ባሕር ዳር መጥታ ነበር። «የራጅ ቱቦው ገና አሁን ነው የተቀየረው፣ ማሽኑ ካሊብሬሽን ላይ ነው፣ ሐሙስ ይምጡ» ብለው መለሷት። ለጀልባ ያወጣችው ሳያንስ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቃ! ማታ ታዲያ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ቱቦው አዲስ ከሆነ ምኑን ነው የሚያስተካክሉት?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ካሊብሬሽን ማለት የማሽኑን ልኬት መፈተሽና ማስተካከል ነው። ታንኳዋን እዩልኝ።

እዚህ ቆሜ ፎቶ ሳነሳት ከደሴቱ ግራ ጫፍ ጋር ገጥማለች። በዳርቻው ወደ ግራ 50 እርምጃ ሄጄ ሳነሳት ግን ደሴቱ መሃል ላይ ገብታለች። እሷ ንቅንቅ አላለችም፣ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከሁለቱ ፎቶ ተነስቼ ታንኳዋ ምን ያህል እንደምትርቅ ማስላት እችላለሁ፣ ግን የት የት ቆሜ እንዳነሳሁ በትክክል ማወቅ አለብኝ። 50ውን እርምጃ 40 ብዬ ከጻፍኩት ታንኳዋ ካለችበት ቀርባ ትወጣለች። ፎቶው ጥርት ያለ ነው፣ ሒሳቡም አልተሳሳተም፣ መልሱ ግን ውሸት ነው።

ሲቲ ስካን የሚሠራው ይህንኑ ነው። በአንድ በኩል የራጅ ቱቦ፣ ፊት ለፊቱ ጨረሩን የሚቀበል ዲቴክተር፣ መሃል ላይ በሽተኛው። ሁለቱ በሽተኛውን እየዞሩ ከየአቅጣጫው በመቶዎች የሚቆጠር ጥላ ያነሳሉ፣ ኮምፒውተሩ ጥላዎቹን አገጣጥሞ የሰውነትን ቁራጭ ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋ በሽተኛ አንጎል በእንግሊዛዊው መሐንዲስ በጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ማሽን ከታየ ወዲህ ፍጥነቱና ጥራቱ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ጥላ ሲነሳ ቱቦውና ዲቴክተሩ የት እንደነበሩ ካላወቀ ግን አለቀለት።

(ምስል፦ መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር፣ የተገለበጠ ብስክሌት።)

ባሕር ዳር ተቀምጦ ብስክሌት ሳያነሱ ማለፍ ነውር ነው። የተጣመመ ቸርኬ ሲያስተካክሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጋኙ ጠመኔውን ከቸርኬው አጠገብ አስጠግቶ ይይዛል፣ እጁ አይነቃነቅም፣ ጎማውን ያሽከረክረዋል። ጠመኔው የነካበት ቦታ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ጥመቱ እዚያ ጋ ነው። ቸርኬውን በዓይኑ አይለካም፣ የማይንቀሳቀስ ነገር አጠገቡ አድርጎ ራሱን እንዲያጋልጥ ያደርገዋል።

የሲቲው ጠመኔ ፋንተም ይባላል። አንዱ ዓይነት ውስጡ ትንንሽ የብረት ብዮች የተቀበሩበት የፕላስቲክ ሲሊንደር ነው፣ ብዮቹ ቁርጥ የኩሽኔታ ብይ። እያንዳንዷ የት እንደተቀመጠች አስቀድሞ በጥንቃቄ ተለክቷል። ማሽኑ ዙሪያውን ሲዞር የእያንዳንዷ ጥላ ዲቴክተሩ ላይ የተለጠጠ ክብ፣ እንቁላል ነገር እየሣለ ይሄዳል። ሶፍትዌሩ የእንቁላሎቹን ቅርጽ አይቶ ወደ ኋላ ያሰላል፦ ቱቦው ስንት ሚሊ ሜትር ይርቃል፣ ዲቴክተሩ ወዴት ዘመም ብሏል፣ የመዞሪያው ማዕከል ጥላ የትኛው ፒክስል ላይ ነው የሚያርፈው?

ከሁሉም የምፈራው የመጨረሻውን ነው። ቱቦው ከማዕከሉ 1000 ሚሊ ሜትር፣ ከዲቴክተሩ ደግሞ 1500 ሚሊ ሜትር ይራቅ እንበል። ጥላው በአንድ ተኩል እጥፍ ይተልቃል። ስለዚህ ማዕከሉን ዲቴክተሩ ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ከሳታችሁ ሰውነት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ስታችኋል ማለት ነው። ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ምስሉ ዝም ብሎ ወደ ጎን አይሸሽም፣ ይበላሻል። ሙሉ ዙር ሲዞር አንዲት ነጥብ ትንሽ ቀለበት ሆና ትወጣለች፣ የአጥንት ጠርዝ ሁለት ይሆናል። በቀጭኑ የተሰነጠቀ አጥንት እዚያ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል።

ደግሞ ብረት ይጎብጣል። በተለይ ቱቦና ዲቴክተር በረጅም ክንድ ላይ የሚንጠለጠሉባቸው ማሽኖች፣ ለምሳሌ የካንሰር ጨረር ሕክምና ላይ ያሉት፣ ክንዱ ወደ ላይ ሲሆንና ወደ ጎን ሲሆን በክብደቱ የሚረግበው እኩል አይደለም። የሚገርመው ግን ብረቱን ማቃናት የግድ አይደለም። ሁሌ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚረግብ ከሆነ የእያንዳንዱ ማዕዘን መዛነፍ በሰንጠረዥ ተመዝግቦ ኮምፒውተሩ ያካክሰዋል። ራስ ምታቱ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የሚሆነው ነው፣ የላላ ብሎን እንደማለት። እሱን ሰንጠረዥ አያድነውም፣ ቁልፍ ይዞ መግባት ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። አዲሱ ቱቦ ጨረር የሚያፈልቅባት ነጥብ በጣም ትንሽ ናት፣ የአሮጌው የነበረችበት ቦታ ላይ በትክክል አትቀመጥም። የድሮው ልኬት ለድሮው ቱቦ ነበር። ስለዚህ ፋንተሙ ይገባል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ አዲሱ ልኬት ይመዘገባል።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ታንኳዋንም፣ ብስክሌቱንም። «እና ስልክ ደውለው አትምጪ ማለት አይችሉም ነበር?» አለችኝ።

ለዚህ መልስ የለኝም። ሐሙስ ሄዳ ተነስታለች።