የጥጥ ማኅበር ዋንጫ የማን ነው?

የተከበራችሁ የቀድሞ የጥጥ ማኅበርና የሲሚንቶ ተጫዋቾች፣ ዛሬ በመካከላችን የሌሉትን ወክላችሁ የተገኛችሁ ቤተሰቦች፣ የድሬዳዋ እግር ኳስ ወዳጆች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የአክራው የአፍሪካ ክለቦች ውድድር 60ኛ ዓመት ሲታሰብ ስለ ድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ እግር ኳስ ክለብ፣ ስለ ጥጥ ማኅበር፣ አነሣስና አወዳደቅ እንድናገር አዘጋጆቹ ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። አነሣሱን ከእኔ በተሻለ የሚናገሩ አባቶች ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እነርሱ በእግራቸው የሠሩትን እኔ በአፌ ባስረዝመው ያስተዛዝበናል። እኔ የመጣሁት ስለ አወዳደቁ ለመናገር ነው፤ ከአወዳደቁም ውስጥ አንዲት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፦ ክለቡ የማን ነበር?

ለወጣቶቹ ስል ግን ጥቂት ልበል። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት 6 ውድድሮች የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ዋንጫ ከድሬዳዋ ያወጣ ቡድን አልነበረም። በ1952፣ በ1954፣ በ1955 እና በ1957 ጥጥ ማኅበር፣ በ1953 እና በ1956 ደግሞ ጎረቤቱና ባላንጣው ሲሚንቶ አነሡት። ዋና ከተማዋ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሰለ አንጋፋ ክለብ ይዛ፣ ያን ሁሉ ዓመት የእኛን ጭፈራ ከሩቅ ስትሰማ ኖረች። እዚህ ላይ ብታጨበጭቡ አልቀየምም።

ይህ በተአምር የሆነ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰባት ይህች ከተማ የፋብሪካ ከተማ ሆነች፤ ፋብሪካ ባለበት ሥራ አለ፤ ሥራ ባለበትም ኳስ የሚችል ወጣት ከሐረርም ከአሥመራም ይመጣል። በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነበር፤ የጥጥ ማኅበርንም ማልያ ለብሷል። አባቴ በፋብሪካው ፈትል ክፍል ይሠራ ነበርና ስለ ቡድኑ ሲያወራ የሩቅ ጀግኖችን እንደሚያወራ ሰው አልነበረም። እሑድ ሜዳ ላይ ያጨበጨበለትን ሰው ሰኞ በፈረቃ መለዋወጫ በር ላይ ያገኘዋል፤ ጎል የሳተ እንደሆነም እዚያው በሩ ላይ ይወቅሰዋል። እንዲህ ያለ ቅርበት ዛሬ በየትኛው ክለባችን አለ?

በዚህ መልክ የተሠራ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ነው በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና የመጨረሻ ውድድር ወደተካሄደባት ወደ አክራ የሄደው። ከመላው አህጉር 4 ክለቦች ብቻ ቀርተው ነበር፦ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ የማሊው ስታድ ማሊያንና የእኛው ጥጥ ማኅበር። በግማሽ ፍጻሜው በስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፍን፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደው። ከአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ አራት ክለቦች አንዱ ከድሬዳዋ እንደነበር በዚህች ከተማ ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ ያውቃል? እስቲ ነገ አንድ ክፍል ገብታችሁ ጠይቁ።

በቀጣዩ ዓመት ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቆይቶም ወደ አሥመራ ሄደ። ይህ ውድቀት አይደለም። ዋንጫ ይዞራል፤ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ያሸንፋል። እኔ ውድቀት የምለው ክለቡ ለነገ የሚያደርስ ባለቤት ማጣቱን ነው። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ ሲገቡ የፋብሪካ ክለቦችም ከሽመና ማሽኖቹና ከመጋዘኖቹ ጋር አብረው ተላለፉ። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ክለብ ዕጣ በመላው አገሪቱ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ኳስ የሚወድ ሥራ አስኪያጅ ሲሾም በጀቱ ይፋፋል፣ የማይወድ ሲሾም ይመነምናል፣ ፋብሪካው ሲከስር ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚሰረዘው የስፖርት በጀት ነው። ሜዳውን ይሞላ የነበረው ሕዝብ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ድምፅ የሚሰጥበት ወረቀትም አልነበረውም።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚያም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱንም ዓመቱንም አልጠራም፤ ሰዎቹ በሕይወት ስላሉ። እኔና ሁለት አባቶች፣ ሁለቱም ዛሬ በዚህ አዳራሽ አሉ፣ የቀድሞዎቹ ዋንጫዎችና የቡድኑ ፎቶግራፎች የት እንደደረሱ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለን ወጣት ትሑት ነበር፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠን፣ ውኃ አስመጣልን። ከዚያ ደብዳቤ ይዘን እንደሆነ ጠየቀን። «ከማን የተጻፈ?» አልነው። «ከክለቡ» አለን። ክለቡ እንደሌለ ነገርነው። «እንግዲያው ከፋብሪካው» አለን። ፋብሪካውም ቀድሞ የነበረው ፋብሪካ እንዳልሆነ አስረዳነው። ጥቂት አሰበና «ታዲያ እናንተ በምን ሥልጣን ነው የምትጠይቁት?» አለ፤ በክፋት አልነበረም፣ በእርግጥም ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

ከሁለቱ አባቶች አንዱ፣ ጉልበታቸው እስከ ዛሬ የሚያማቸው፣ በዚያው ሜዳ ላይ ስለተጎዱ ነው፣ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ ዋንጫውን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉት። ወጣቱም አንገቱን ደፍቶ እንዲህ ሲል መለሰላቸው፦ «አባባ፣ ማንሣት ሌላ ነው፤ ባለቤት መሆን ሌላ ነው።»

ወደ ቤታችን ስንመለስ አንዱ አባት ተናደው ወጣቱን ሲወቅሱ፣ ሌላው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልጁ አላጠፋም። በሕግ ፊት ጥጥ ማኅበር ከ11ዱ ተጫዋቾችም፣ ከፈትል ክፍሉ ሠራተኞችም፣ ዝናብና ፀሐይ ሳይበግረው ሜዳ ዳር ከቆመው ሕዝብም የማንም አልነበረም። የንብረት መዝገብ ላይ ያለ ዕቃ ነበር። ዕቃ ደግሞ ሲያረጅ ወይ ይሸጣል ወይ መጋዘን ጥግ ይጣላል። ለአገር ክብር ያመጣን ክለብ እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ አስፍሮ የኖረው አሠራር ነው ያስቆጣኝ፤ ዛሬም ያስቆጣኛል!

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ የድሮ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እናንተን ከቤታችሁ አላስወጣም ነበር። ዛሬ የፋብሪካውን ቦታ የከተማ አስተዳደር ያዘ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። ደስ አለን፤ የክፍለ ሀገር ልጅ አይደል! በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ 4 የውድድር ዘመን ብቻ ነው። የጅማ ሕዝብ ኳስ መውደዱን አቁሞ ነው? አይደለም። ወጣቶች ከጅማ ጠፍተው ነው? አይደለም። ከአስተዳደር በሚሰጥ በጀት የሚኖር ክለብ በየክረምቱ ቡድኑን እንደ አዲስ ይገዛል፤ በጀቱ የዘገየ ዕለት ተጫዋቹ ይበተናል፤ ሕዝቡም ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ በሬዲዮ ይሰማል። በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳያልፍ ሲወሰን መፍትሔ የተገኘ መስሎን ነበር። ለመሆኑ ያን ገንዘብ የሚከፍለው ማን ነው? ከፋዩ የከተማው ነዋሪ ሆኖ ሳለ ስንት እንደተከፈለ የሚጠይቅበት ጉባኤ የት አለ?

ቅዱስ ጊዮርጊስን አልወደውም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንድወደው የሚጠብቅም የለም። ነገር ግን እውነቱን ልናገር። በደርግ ዘመን ስሙ ተነሥቶ የቢራ ፋብሪካ ስም ተሰጥቶት ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ደጋፊው ስሙን መልሶ አነሣው። የጥጥ ማኅበርን ስም መልሶ የሚያነሣ የተደራጀ ደጋፊ አልነበረም። ዛሬ ድሬዳዋ ከተማ በፕሪሚየር ሊግ ይጫወታል፤ እንኳን ደስ አለን። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ስለሚካሄድ፣ ብዙ የክፍለ ሀገር ክለቦች ደጋፊዎቻቸውን በሜዳቸው ማግኘት ተቸግረዋል፤ እኛ ከአስተናጋጆቹ አንዱ በመሆናችን ከእነርሱ እንሻላለን። ይህ ዕድል ሳያልፍ ደጋፊው በክለቡ ውስጥ ሕጋዊ ድርሻ ሊኖረው ይገባል። ድርሻ ስል ማልያ መግዛትና ከበሮ መምታት ማለቴ አይደለም። በጠቅላላ ጉባኤ የሚቀመጥ፣ ሒሳብ የሚሰማ፣ ቦርድ የሚመርጥ፣ ሲከፋውም የሚሽር ማለቴ ነው!

ስለ ታዳጊዎች ሥልጠናና ስለ ሴቶች ቡድን ብዙ ለማለት አስቤ ነበር፤ ጊዜው ስላጠረ ሁለቱም የባለቤትነቱ ጥያቄ ሳይመለስ አይመለሱም ብዬ አልፈዋለሁ።

የደጋፊዎች ማኅበር ረቂቅ ደንብ ተዘጋጅቶ በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አንቀጽ 3 የቀድሞ ተጫዋቾችና ቤተሰቦቻቸው ያለ መዋጮ የክብር አባል እንዲሆኑ ይላል፤ በዚህ የሚከራከር ይኖራል ብዬ አልገምትም። አንቀጽ 4 ደግሞ ማኅበሩ የጥጥ ማኅበርንና የሲሚንቶን ዋንጫዎች፣ ማልያዎችና ፎቶግራፎች ከያሉበት እንዲሰበስብ፣ ለዚህም ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን በጽሑፍ እንዲቀበል ያዛል። አንቀጽ 5 የአባልነት መዋጮን ይመለከታል፤ መጠኑን ባዶ ትተነዋል፤ እናንተ ትሞሉታላችሁ። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ ውይይቱ ከአንቀጽ 5 ይጀምራል፤ ገንዘብ ባለበት ጉዳይ ላይ ድሬዎች እንደምንከራከር ስለማውቅ ሰብሳቢው በቂ ጊዜ እንዲሰጡን ከወዲሁ እጠይቃለሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።