መብራቱን ማን ይከፍላል?

የተከበራችሁ የዲዛይነሮች ማኅበራችን አባላትና እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። በተለይ ከሜሪላንድ በኩል ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ያንን ትራፊክ ችላችሁ የመጣችሁ፣ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ቡናው ከኋላ እየተፈላ ነው። ሽታው እኔም ጋ ደርሷል። ስለዚህ ንግግሬን አላስረዝምም። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ታውቁኛላችሁ።

የዓመቱ የሥራ ሪፖርት በእጃችሁ ነው። ጸሐፊያችን ከቡና በኋላ ያብራሩታል። እኔ የማነሳው ከሪፖርቱ ውጭ የሆነ ነገር ነው።

ባለፈው ሐምሌ እናቴን ልቀበል እዚሁ ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት ሄድኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን መንገድ የማያውቅ የለም። ስንቱን ሻንጣ፣ ስንቱን በርበሬና ሽሮ ጭነን ተመላልሰንበታል። እህቴ የምትኖረው አሽበርን ስለሆነ በዚያው ወደ ሰሜን ወጣን። እናቴ በመስኮት ታያለች። ግራጫ ሕንፃ፣ መስኮት የለው፣ ሰው አይገባ አይወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ። እያንዳንዱ የእግር ኳስ ሜዳ ያስንቃል።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ መጋዘን የምንድን ነው? የእህል ነው?»

«ደመና ነው እማዬ» አልኳት እየሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ስለዚህ አስረዳኋት። የምትልኪልኝ ፎቶ፣ የልጆቹ ቪዲዮ፣ ማታ ማታ የምትሰሚው ስብከት፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው የሚቀመጠው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ሰው አይኖርበትም?»

«ጥበቃና ጥቂት ቴክኒሻኖች ብቻ።»

«ታዲያ መብራቱን ማን ይከፍላል?»

እኔ ሃያ ዓመት ዲዛይነር ሆኜ ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ ደንበኛ ጠይቆኝ አያውቅም። አለቃም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ለዚህ ማስቀመጫ «ክላውድ»፣ ማለትም ደመና፣ የሚለውን ስም ያመጡት የኔትወርክ መሐንዲሶች ናቸው። ሥዕላዊ መግለጫ ሲሠሩ፣ ዝርዝሩን መሳል የማያስፈልጋቸውን ክፍል በደመና ቅርጽ ይከቡት ነበር። ትርጉሙ «እዚህ ውስጥ ያለው አያሳስባችሁ» ነው። ከዚያ የሽያጭ ሰዎች ወሰዱት። እኛ ዲዛይነሮች ደግሞ አሳመርነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ክብ ክብ ያለ አይከን። እኔ ብቻዬን ስንቱን እንደሳልኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ ሽቦ የለውም።

የአሽበርኑ ግን ድምፅ አለው። የማቀዝቀዣዎቹ እምምታ ሌሊት መኝታ ቤት ድረስ ይገባል ብለው የሚያማርሩ ጎረቤቶች አሉ። ጄኔሬተርም አለው። ጄኔሬተር ስል አዲስ አበባ ሱቅ በር ላይ የምታውቋት ትንሿ እንዳትመስላችሁ። አንዱ ኮንቴይነር ያክላል፣ የሚበላውም ናፍጣ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ በሺህ የሚቆጠሩ አሉ።

አሽበርን ያለችበት፣ እኛ በየሳምንቱ የምናልፍበት የላውደን ካውንቲ፣ ዳታ ሴንተር የሚባሉት የነዚህ ሕንፃዎች በዓለም ትልቁ ክምችት ያለበት ቦታ ነው። በ2023 ቨርጂኒያ ከተጠቀመችው ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉ ወደ ዳታ ሴንተር ሄዷል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታላላቆቼ ይቅር በሉኝ።) ሐምሌ 2024 ላይ አንድ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ተበላሸ። 60 የሚሆኑ ዳታ ሴንተሮች በአንድ ጊዜ ከዋናው የኤሌክትሪክ መረብ ወጥተው ወደ ራሳቸው መጠባበቂያ ዞሩ። በቅጽበት 1,500 ሜጋዋት የሚጠቀም ደንበኛ ከመረቡ ጠፋ። ኤሌክትሪክ ሲበዛም ችግር ስለሆነ የመረቡ ተቆጣጣሪዎች ሚዛኑን ለመጠበቅ ተሯሯጡ። የሕዳሴው ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። እኛ ቦንድ የገዛንለት፣ ስንቱ ከደሞዙ የቆረጠለት ግድብ። ከዚያ ውስጥ ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ኃይል፣ እዚህ ከቤታችን አጠገብ ለአፍታ ተነቅሎ ወጣ።

ለነገሩ ካውንቲው ከነዚህ ሕንፃዎች በዓመት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ግብር ይሰበስባል። የልጆቻችን ትምህርት ቤት ከዚያ ይጠቀማል። ይህን መካድ አይገባም።

የእናቴ ጥያቄ ግን መልስ አለው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት የኦዲትና ጥናት ኮሚሽን በታኅሣሥ 2024 አስልቶታል። ለጊዜው ዳታ ሴንተሮቹ የራሳቸውን ወጪ ይከፍላሉ ይላል ሪፖርቱ። ፍላጎቱ በዚሁ ከቀጠለ ግን አዲስ ማመንጫና አዲስ መስመር ያስፈልጋል። የዚህም ወጪ ለሁሉም ደንበኛ ይዳረሳል። በ2040 በአንድ ተራ ቤት የወር ሂሳብ ላይ ከ14 እስከ 37 ዶላር ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ እማዬ፣ መብራቱን እህቴ ልትከፍል ነው።

ማሽኖቹን ለማቀዝቀዝ የሚሄደውን ውሃም የሚከፍል አለ። ኦሪገን ውስጥ ዘ ዳልስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ጉግል እዚያ ዳታ ሴንተሮች አሉት። አንድ ጋዜጣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀሙ ጠየቀ። ከተማዋ የንግድ ምስጢር ነው ብላ ጋዜጣውን ከሰሰችው። ልብ በሉ፣ የከሰሰችው ከተማዋ ናት። ክርክሩ ከዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 መጨረሻ ቁጥሩ ወጣ። ከከተማዋ የውሃ ፍጆታ ከሩብ በላይ የሚሆነው ወደዚያ ይሄድ ነበር።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የመሐንዲስና የፖለቲከኛ ጉዳይ ነው፣ እኛ ቁልፍና ቀለም ነው የምንመርጠው» እያላችሁ ነው። ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። መሐንዲሶቹ ግን የድርሻቸውን ሠርተዋል። ከ2010 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የዓለም ዳታ ሴንተሮች የሚሠሩት ሥራ ከስድስት እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ የሚበሉት ኤሌክትሪክ የጨመረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጉድ የሚያሰኝ ሥራ ነው። አሁን ያ ዘመን አልፏል። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው በ2024 ዳታ ሴንተሮች 415 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ተጠቅመዋል። በ2030 ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ይገምታል። መሐንዲሱ የቆጠበውን ማን በላው? በከፊል እኛ።

በ2010 አንድ መካከለኛ ድረ ገጽ ግማሽ ሜጋባይት አይሞላም ነበር። ዛሬ ከሁለት ሜጋባይት በላይ ነው። የምናነበው ጽሑፍ አልረዘመም። የበዛው ፎቶ፣ ቪዲዮና የማስታወቂያ ኮተት ነው።

እናቴ ወጥ ስትሠራ ስልኳን ከዱቄት ጣሳው ጋር አስደግፋ ስብከት ትከፍታለች። ስክሪኑ ወደ ጣሳው ነው የሚያየው። ሰባኪው በጥራት፣ በሙሉ ቀለም፣ ለዱቄቱ ይሰብካል። ስብከቱ ሲያልቅ ሌላ በራሱ ይጀምራል፤ ከዚያም ሌላ። ወጡ ወርዶ፣ እሷ ጎረቤት ሄዳ፣ ስልኩ አሁንም እየሰበከ ነው። ይህን ያደረገችው እናቴ አይደለችም። በራሱ ይቀጥል ብሎ የወሰነ ዲዛይነር አለ።

የእንግሊዙ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ክሪስ ፕሪስትና ባልደረቦቹ በ2019 ይህንኑ አስልተውታል። ሰው ሳያየው ለሚሰማው ቪዲዮ ዩቲዩብ ድምፁን ብቻ ቢልክ፣ በዓመት ከ100 ሺህ እስከ 500 ሺህ ቶን የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል ብለዋል። አዲስ ግድብ፣ አዲስ ማሽን አያስፈልግም። አንድ የዲዛይን ውሳኔ ነው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የእድር ማኅበር አፕ በነፃ ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሲከፈት በራሱ የሚጫወት ቪዲዮ አስገባሁ። ከላይ የተነሳ የገጠር መልክዓ ምድር፣ ጭጋግ፣ ክራር። ፌርፋክስ ቁጭ ብዬ በቤቴ ዋይፋይ ሳየው እንባዬ መጣ። ደብረ ብርሃን ያለች አክስቴ ከፈተችውና ደወለችልኝ። «አንቺ፣ ያ ነገርሽ ካርዴን በላው!» የወር መዋጮዋን ለማየት ነው የገባችው። ሳታየው ዳታዋ አለቀ። ለእኔ ውበት የመሰለኝ ለሷ ዕዳ ነበር። ቪዲዮውን ያን ዕለት አወጣሁት። አክስቴ ግን አፑን ሁለተኛ አልከፈተችውም፤ መዋጮዋን እስከ ዛሬ በደብተር ነው የምታየው።

ሌላም የተደበቀ ከፋይ አለ። ሁላችንም መጥፎ ይዘትን «ሪፖርት አድርግ» የሚል ቁልፍ ሠርተን እናውቃለን። ተጠቃሚው ሲጫነው «እናመሰግናለን» እንላለን፣ አረንጓዴ ምልክት እናሳያለን፣ አለቀ። ከቁልፉ ወዲያ ግን ሰው አለ። ከ2019 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ፌስቡክ ላይ በአማርኛና በሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች የሚወጣውን ይዘት የሚያጣሩ ሠራተኞች ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ተቋራጭ ሥር ይሠሩ ነበር። የእኛም ልጆች ነበሩባቸው። አስከሬን፣ ድብደባ፣ አንገት መቁረጥ፣ ቀኑን ሙሉ። በ2023 ከ180 በላይ የሚሆኑት ኬንያ ፍርድ ቤት ከሰሱ። እኛ አረንጓዴ ምልክቷን ስንስል በዚያ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ አስበን እናውቃለን? እኔ አላሰብኩም።

አገር ቤትም ነገሩ ገብቷል። በመንግሥት ቋንቋ «ዳታ ማይኒንግ» ይባላል፤ ቢትኮይን የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ማምረት ማለት ነው። ክላውድ አይደለም፣ ግን ያው መስኮት የሌለው ቤት፣ ያው የማሽን ጩኸት ነው። ርካሹ የውሃ ኃይል እየተሸጠለት የውጭ ምንዛሪ ያስገባል። ምንዛሪው እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት በሌለበት አገር ግን ይህ ለጊዜው ካልሆነ አያስደስተኝም። አስተያየቱ የግሌ ነው፤ ማኅበሩን አይመለከትም።

እንግዲህ ከራሳችን ቤት እንጀምር። የማኅበራችን ድረ ገጽ ሲከፈት ከበስተጀርባ የሚጫወተው የጭፈራ ቪዲዮ ከዛሬ ጀምሮ ይወጣል። ያነሳው ልጅ እዚህ አለ። ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ ሥራህ ቆንጆ ነው፤ ማየት የፈለገ ተጭኖ ያየዋል። ቦርዱ መጀመሪያው ገጽ ከግማሽ ሜጋባይት እንዳይበልጥ ወስኗል። ክላውድ ላይ ያከማቸነውም ይጣራል። የአንድ የገና ግብዣ ቪዲዮ በአራት ካሜራ፣ ሳይቆረጥ፣ ለስምንት ዓመት ኪራይ እየከፈልንበት ተቀምጧል። ማንም አላየውም፤ እኔ ራሴ ዳንሴን ማየት አልፈልግም።

ከእናንተ የምጠይቀው ዲፎልቱን ነው። ማንም ካልነካው እንዳለ የሚቆየውን ምርጫ ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው አይነካውም፤ ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በራሱ የሚጫወተው ሳይጠየቅ አይጫወት። የቪዲዮው ጥራት በትንሹ ይጀምር። ባክአፑ፣ መጠባበቂያ ቅጂው ማለቴ ነው፣ «ሁሉንም ለዘላለም» ከማለት በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ። ደንበኛ መጥቶ «ሁሉም ገጽ ላይ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቁልፍ አድርጉልኝ» ሲላችሁም ለምን በሉት፤ እሱም የሚሠራው ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው። ጉግል ራሱ የካርቦን ልቀቱ ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ 48 በመቶ መጨመሩን ሪፖርት አድርጓል፤ አንዱ ምክንያት የዳታ ሴንተሮቹ የኃይል ፍጆታ ነው። ደንበኛው ከተቆጣ የሊቀመንበሯን፣ የእኔን ማለት ነው፣ ስልክ ስጡት።

የከሰዓቱ ፕሮግራም ተለውጧል። በስምንት ሰዓት አውቶቡስ በር ላይ ይቆማል፤ አሽበርን ነው የምንሄደው። ለጉብኝት አስገቡን ብለን ጽፈን ነበር፤ አልተፈቀደም። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናያለን፣ ድምፁንም እንሰማለን። ነፋስ ስላለ ጃኬት ያዙ። ታላላቆቻችን ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ።

እናቴም ትመጣለች። ከኋላ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት። ጥያቄዋን አልረሳችም፤ ጠዋትም ስንወጣ ጠይቃኛለች።

ጉባኤው ተከፍቷል።